ባዶ ካርድ ላይ የፈረምኩ ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ዛሬም ባንክ ወይም ጤና ጣቢያ ገብቼ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉኝ እጄ ቀጥ ይላል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሳላነብ፣ ገልብጬ ጀርባውን ሳላይ አልፈርምም። ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ያጉረመርማል። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ምክንያቱን ለማንም በቅጡ ነግሬ ስለማላውቅ አሁን ልጻፈው ብያለሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ የቆዳ ነጋዴ ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ ወደ ተወለደችበት ወደ ጉቴ ተመለሰች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመታወቂያ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የቀበሌው ጸሐፊ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የእጅ ጽሕፈታቸው የሚያስቀና ነበር። የኦሮሞን ስም በአማርኛ ፊደል ሳላጣምም እንዴት እንደምጽፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። «የሰውዬውን ስም አጣመሽ ከጻፍሽ ኬላ ላይ ይታሰርብሻል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መልሰሽ አንብቢው» ይሉኝ ነበር። ለባለ ጉዳይ በአማርኛ፣ ለእኔ ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚያናግሩኝ። «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ «ልጄ» ማለት ነው። አባት ስላልነበረኝ ቃሉ ሆዴ ድረስ ይገባ ነበር።

ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን አውቃቸዋለሁ፤ ለበዓል ሁልጊዜ ቤታቸው ነበርኩ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ገመቹ የሚባል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር እጁ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም። ዝምተኛ ነው። ቢሮ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኝ አባቱን ይጠብቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

አንድ ቀን ከአውራጃው አዲስ መመሪያ መጣ። በየቀበሌው የሚሰጠው መታወቂያ የተዝረከረከ ነው፣ ጠላት በሐሰት መታወቂያ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ስለዚህ መታወቂያ ሁሉ እንደገና ይሰጥ የሚል ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠርቶ መመሪያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። ባዶ ካርዶች ባለ ሁለት ቁልፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋሉ። አንዱ ቁልፍ በእኔ፣ ሌላው በጸሐፊው እጅ ይሆናል፤ አንዳችን ብቻችንን መክፈት አንችልም። ካርዱ ላይ የእኔም የእሳቸውም ፊርማ ይኖራል። የሞተና አገር የለቀቀ ሰው ከባሕር መዝገቡ በቀይ ቀለም ይሰረዛል። ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በጽሑፍ ርክክብ ይደረጋል። በሁለት ወር ውስጥ ተቆጣጣሪ መጥቶ እያንዳንዱን ካርድ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ጉድለት የተገኘበት ቀበሌ ማኅተሙን ይነጠቃል።

ሌላው ሠራተኛ ፊቱን አጨፈገገ። እኔን ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሥራዬን እወደው ነበር። ቤት ለቤት ዞሬ ስም አመሳከርኩ። ለቅሶ ቤት ድረስ እየሄድኩ ማን እንደሞተ ጠየቅሁ። መዝገቡ ከወር በኋላ ሲታይ እንደ ጥልፍ ነበር። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። ኦቦ ቶሎሳ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡ መሰለኝ።

መዝገቡ ለሌላ ነገርም እንደሚያገለግል ልብ አላልኩም ነበር። ለውትድርና የደረሱት ልጆች ስም የሚወጣው ከዚያው ከእኔ መዝገብ ነበር።

ይህን ያስገነዘበችኝ እትዬ ከድጃ ናት። ከጉራጌ አገር መጥታ ከቢሮአችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተች፣ ሳሙናና ክር የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሰው እስኪቀል ጠብቃ ገባች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ሙሉነሽ፣ የኔ ልጅ ዕድሜው በመዝገብሽ አሥራ ስምንት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አሥራ ስድስት አድርጊልኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ፊቱ እንደሆን ገና ሕፃን ነው፣ ማንም አያውቅም።»

«አይቻልም፣ እትዬ። ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«አንዲት ቁጥር እኮ ናት።»

«መመሪያ ነው» አልኳት።

ምንም አልተሳደበችም። ትንሽ ቆማ መዝገቡን አየችው፤ ማንበብ አትችልም። ከዚያ ወጣች። ኦቦ ቶሎሳ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ይጽፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አጎነበሱ። ያን አስተያየት ያኔ እንደ ምስጋና ነበር የቆጠርኩት። የእትዬ ከድጃ ልጅ በዚያው ሰሞን ተወሰደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኦቦ ቶሎሳ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ፣ አትደንግጪ» አሉኝ። «ከጉቴ የመጣ ሰው ትናንት ማታ ቤቴ ጎራ ብሎ ነበር። እናትሽ አሟታል።»

«ምን ሆነች?»

«ትኩሳት ነው አለ። ሂጂና እያት። ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቼልሻለሁ፤ ሾፌሩን አነጋግሬዋለሁ።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ልወጣ ስል አስቆሙኝ። የዚያን ቀንና የማግሥቱ ባለ ቀጠሮዎች ከሩቅ ነው የሚመጡት፣ ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው አሉ። አምስት ባዶ ካርድ ከነቀሪው ፈርሜ ቁልፌንም ትቼላቸው ብሄድ ሰው እንደማይጉላላ ነገሩኝ። ቀሪ የምንለው ካርዱ ተቆርጦ ለባለቤቱ ሲሰጥ ቢሮ የሚቀረውን ቁራጭ ነው።

«ርክክብ እንጻፍ?» አልኳቸው። ይህን ማለቴን እርግጠኛ ነኝ።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል። የሰዓት ፊርማሽንም እኔ እይዝልሻለሁ፤ ከእረፍትሽ እንዳይቀነስ ገብታለች ብዬ እሞላዋለሁ።»

አመሰገንኳቸው። እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ አምስቱንም ፈረምኩ።

ጉቴ ስደርስ እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እኔን ስታይ ጮኸች፤ እኔ የሆነ ነገር ደርሶብኝ የመጣሁ መሰላት። «ታመሻል ተባልኩ እኮ!» ስላት «ማን ነው የሚያሟርትብኝ?» ብላ ሳቀች። ሁለታችንም ሳቅን። ሰውዬው ከሌላ ሰው ጋር አሳስቶት ነው አልን። ሁለት ቀን አብሬያት ሰነበትኩ። ስመለስ ለኦቦ ቶሎሳ አንድ ቅል ቅቤ ላከች፤ «እንዲህ የሚያስብለት አለቃ ማን ያገኛል?» አለችኝ።

ቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «በጋ ነጋን ዱፍቴ» አሉኝ፣ እንኳን በደኅና መጣሽ ማለት ነው። እናቴ ደኅና መሆኗን ስነግራቸው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። እናቴን ረጅም ዕድሜ ይስጣት ብለው መረቁ። ቁልፌን መለሱልኝ። አምስቱ ካርዶች ለባለ ጉዳይ መሰጠታቸውን ነገሩኝና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት ገመቹ ጠፋ። ኑኑ ቁምባ የሚባል አገር አጎቱ ዘንድ ለሥራ ሄደ ተባለ። ልጁ ለውትድርና የደረሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ወሬ ነበር የሚያወራው፤ እኔም አላጣራሁም፣ ማንም አላጣራም።

ተቆጣጣሪው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቀጭን ሰው ነበር። ሊቀ መንበሩ አዲስ ካኪ ለብሶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከበር ውጭ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆሙ። ተቆጣጣሪው የቀሪውን ጥራዝ ከፊቱ አድርጎ አንድ በአንድ ቁጥር እየጠራ እኔ ከባሕር መዝገቡ አነብለት ጀመር። ግማሽ ቀን ያህል ሁሉም ነገር ልክ ሆነ። እንዲያውም አንድ ጊዜ «ጥሩ መዝገብ ነው» አለ። ጆሮዬ ጋለ።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ቀሪ ላይ ቆመ።

«ታደሰ ወልዴ፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት። ይህ ሰው ማን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነው፣ ከሸዋ የመጣ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሞቷል» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። ቤተሰብ ስላልነበረው ዕድሩ ነበር የቀበረው፤ መዝገቡ ላይም በቀይ የሰረዝኩት እኔው ነኝ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። «ሞቷል። ሞቱንም አንቺ መዝግበሻል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መታወቂያ ሰጥተሽዋል። ይህ ፊርማ የማን ነው?»

የእኔ ነበር። ያለምንም ጥርጥር የእኔ ፊርማ ነው፤ ቆሜ ስለፈረምኩት ጅራቱ ትንሽ ተንሻፏል። ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። የተጻፈው በጽሕፈት መኪና ስለሆነ የማን እጅ እንደጻፈው አያሳብቅም።

ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞርኩ። በዚያች ደቂቃ እንኳን አልጠረጠርኳቸውም። ችግሩን የሚፈቱልኝ እሳቸው ናቸው ብዬ ነው የዞርኩት። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ጉቴ የሄድኩ ጊዜ ከፈረምኳቸው ካርዶች አንዱ ነው። ለማን እንደሰጡት ይንገሯቸው» አልኩ፣ በኦሮምኛ።

እሳቸው የመለሱት በአማርኛ ነው፤ ለእኔም አይደለም።

«ጓድ ተቆጣጣሪ፣ እኔ የምፈርመው ሠራተኛዋ አጣርታ ስታቀርብልኝ ነው። ስምና ዕድሜ ማጣራት የእሷ ሥራ ነው። ባዶ ካርድ ላይ ሰው አስፈርሜ አላውቅም።»

«ሠራተኛዋ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ እንደዚያች ቃል ግን የቆረጠኝ የለም።

ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ቁልፉን ለማን ሰጠሽ? ለእሳቸው። ርክክብ አለ? የለም። በዕለቱ ቢሮ አልነበርኩም ስል የሰዓት መቆጣጠሪያውን አስመጣ። ሁለቱንም ቀን ጠዋትና ከሰዓት ገብቻለሁ። በስሜ ትይዩ ምልክቱ ተሞልቷል።

«ጉቴ ነበርኩ፣ እናቴ ታውቃለች» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ሳቀ። ከዚያ ብድግ ብሎ ቀበሌውን አዋርደሽዋል፣ መታወቂያ ለጠላት ሸጠሻል ብሎ ጮኸብኝ። አብዮት ጠባቂዎቹ ክንዴን ይዘው ሲያስወጡኝ ኦቦ ቶሎሳ ብዕራቸውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

ስለ እስሩ ብዙ አልጽፍም። ካርዱን ለማን እንደሸጥኩ እንድናገር ነበር የሚፈልጉት። አላውቅም አልኩ። ስላላመኑኝ የሚያደርጉትን አደረጉ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም።

የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ግን አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ኦቦ ቶሎሳ መጥተው ያስፈቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ፊት እንዲያ ማለት ግድ ሆኖባቸው ነው፣ ውስጥ ለውስጥ እየሮጡልኝ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ይህን ያቆምኩት እናቴ ከጉቴ መጥታ ያየችኝ ቀን ነው። በአጥሩ ቀዳዳ እጄን ይዛ ስታለቅስ ቆየችና «ያን ጊዜስ ታመመች ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ከእኛ ሰፈር ነቀምቴ የወረደ ሰው እኮ አልነበረም። ሁሉንም ጠየቅሁ» አለችኝ።

እጇን ለቀቅሁት። ትኩሳቱ፣ መኪናው፣ አምስቱ ካርድ፣ የሰዓት ፊርማው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ቅቤውንም አስታወስኩ። ከዚያ የገመቹ መጥፋት ትዝ አለኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው ለውትድርና አይፈለግም። ያን ቀን አላለቀስኩም። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ድረስ አንድ ቦታ ሳይ ዋልኩ።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ምግብ ይዘው መጡ። ዘበኛው እናቴ መስለውት አስገባቸው። ምግቡን አስቀምጠው እግሬ ላይ ተደፉና አለቀሱ። ሲወጡ ምግቡን ለእስረኞቹ ሰጠሁት። የልጃቸውን ስም ያን ቀን ለመርማሪው ልናገር አስቤ ነበር። ሳስብ አድሬ ጠዋት ሲጠሩኝ መርማሪው ተቀይሯል፤ አዲሱ ጉዳዬን እንኳን አላነበበም። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ አልተናገርኩም። ብጠየቅ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

በሰባተኛው ወር ተፈታሁ። ሥራዬ ተወስዷል። ሰው ደግሞ ፍርዱን ጨርሷል፤ መታወቂያ ሸጣ የታሰረችው ይሉኛል። ሳሙና ልገዛ እትዬ ከድጃ ሱቅ ገባሁ። ስታየኝ ሳሙናውን ከመደርደሪያው አውርዳ መልሳ ሰቀለችው።

«ለኔ ልጅ ሕግ ነበረ» አለችኝ። «ከአንቺ ለገዛው ግን አልነበረም።»

ልጇ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም ነበር። ወጣሁ። በሳምንቱ ዕቃዬን ጠቅልዬ እናቴ ዘንድ ጉቴ ገባሁ። እዚያው አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ሥራ አገኘሁ። ኦቦ ቶሎሳን ዳግም አላየኋቸውም። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ለቅሶ አልሄድኩም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ጸጉሩን ሽበት የጀመረው ሰው አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ይዞ ቆሟል። በር ላይ ቆሞ «አካም ጅርታ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ገመቹ ነበር።

አስገባሁት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኪራሙ እንደሚኖር ነገረኝ። ያን ጊዜ የሄደው እዚያ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች የሰፈሩበት አገር ስለሆነ ታደሰ የሚል ስም አላስጠረጠረውም። ወፍጮ ቤት ሲጠግን ቆይቶ አግብቷል። ሚስቱ ራሷ ትክክለኛ ስሙን ያወቀችው በቅርቡ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው በታደሰ ስም ነው። የሞተው ልብስ ሰፊ አባት፣ ወልዴ፣ አያቷ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ተነሥቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። «ገለቶሚ፣ እህቴ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። «በሕይወት ያለሁት በአንቺ ነው። አባቴ ሁሉንም ነግሮኛል። ወደሽ እንደፈረምሽልኝ፣ ሰባት ወር ሲያሠቃዩሽ ስሜን እንዳላወጣሽ። በየዓመቱ እመጣለሁ እያልኩ ፈራሁ። ቤቴ ውስጥ ስምሽ ሳይነሣ የሚዋልበት ቀን የለም።»

ዝም ልለው እችል ነበር። ሰው በዚህ ዓይነት ምስጋና ተመስግኖ ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል? ባሌ በጓሮ በር ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ኋላ «ዝም ትዪዋለሽ ብዬ ነበር» አለኝ።

«ተነሣ» አልኩት። «አባትህ ዋሽተውሃል። እኔ ወድጄ አልፈረምኩልህም። እናትሽ ታማለች ብለው አስደንግጠው ነው ያስፈረሙኝ። ስምህን ያላወጣሁትም መጀመሪያ ስለማላውቅ ነው። በኋላ ደግሞ ሳውቅ የጠየቀኝ የለም።»

ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ የሰዓት ፊርማውን፣ «ሠራተኛዋ» መባሌን። ልጅቷ ከልጆቼ ጋር ደጅ ትጫወታለች። እሱ ጉልበቶቹን ይዞ ወለሉን ያያል።

«እናቴስ ታውቅ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«እስር ቤት መጥተው አልቅሰው ነበር። ምን እንደሚያውቁ አልጠየቅኳቸውም።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምን ላድርግልሽ?» አለ። ምንም እንዳይሰጠኝ ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ነቀምቴ ሄዶ ለእትዬ ከድጃ እውነቱን እንዲነግርልኝ።

ሄዶ ነገራት። ምን እንደተባባሉ አላወቅሁም። ከወራት በኋላ ነቀምቴ ገበያ ላይ ተገናኘን። አርጅታለች። እጄን ያዘችና «ደኅና ነሽ?» አለችኝ። «ደኅና ነኝ፣ እትዬ» አልኳት። እጄን ትንሽ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ። ገመቹ አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲመጣ አሁንም ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እሱን አልጠላውም። ምንም አላደረገኝም።

ኦቦ ቶሎሳን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ልጃቸውን ለማትረፍ ስለሞከሩ አይደለም፤ እኔም ወልጃለሁ፣ ይገባኛል። ግን የእኔና የእሳቸው ጠረጴዛ በሁለት ክንድ አይራራቅም ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ቀናት በአንዱ ዞር ብለው «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፣ እርጂኝ» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉኝም። ልጄ እያሉ ሲጠሩኝ ኖረው ያን ያህል እንኳን አላመኑኝም።

ባሌ አንዳንዴ «ቢጠይቁሽ ኖሮ ካርዱን ትሰጫቸው ነበር?» ይለኛል። አዎ የምለው ቀን አለ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እትዬ ከድጃን «መመሪያ ነው» ብዬ የመለስኩበት ድምፄ ጆሮዬ ላይ ይመጣና መልስ አጣለሁ። ምናልባት ኦቦ ቶሎሳ ያን ዕለት ቀና ብለው ሲያዩኝ ያዩት ይህንኑ እምቢታዬን ይሆናል። ይህን ማሰብ ከእስር ቤቱ የበለጠ ያመኛል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ዛሬ አውቅ ነበር።